የእሾህ መርፌ

ባለፈው ዓመት የእኅቴ የልጅ ልጅ ስታገባ ሸዋ ሮቢት ወርጄ ነበር። ድንኳኑ ከተተከለበት ግቢ በስተጓሮ ሳልፍ አጥሩ ቀሚሴን ያዘው። ላላቅቅ ጎንበስ ስል የበደኖ እሾህ ነው። ቆላ ያደገ ሰው የበደኖን ዛፍ ያውቀዋል፤ እሾሁ ቀጥ ያለ፣ ጠንካራ፣ ጣት የሚያህል ነው። ሰበርኩትና ሳላስበው ጫፉን በአውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ጫን አደረግኩት። አልታጠፈም። ነጭ ነጥብ ትቶ ተነሣ።

«ይኸ ይዘፍናል» አልኩ።

አጠገቤ የነበረችው ልጄ «እማ፣ ምን አልሽ?» ብትለኝ «ምንም» አልኳት። ወሬ የማበዛ ሰው አይደለሁም። ግን ከሰርጉ ከተመለስኩ በኋላ ነገሩ አልተወኝም። ያን ዓመት ከእኔ ጋር የሚያስታውሱት ሁሉ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ።

ጊዜው የጣሊያን ጊዜ ነው። ስንት ዓመቴ እንደነበር አላውቅም፤ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው አዲሶቹ ብቅ ብቅ ሲሉ ነበር። ቤታችን ከሮቢ ወንዝ ማዶ፣ ማሽላው እስከ ደጃፍ ከሚደርስበት ሰፈር ነው። አባቴ ሼህ ይማም ልጆችን ቁርአን ያስቀሩ፣ ማለት ማንበብ ያስተምሩ፣ ነበር። ቁርአን ቤቱ ከቤታችን ጎን ያለች ሣር ክዳን ዳስ ናት። ከዳሷ ቀጥሎ አጥር፣ ከአጥሩ ማዶ የእናቴ ታላቅ ወንድም የአጎቴ የኑሩ ግቢ ነው። አባቴና አጎቴ በልጅነታቸው ከአንድ ሼህ እግር ሥር ተቀምጠው፣ አንድ የእንጨት ሰሌዳ ተጋርተው የተማሩ ናቸው። አባቴ እዚያው ቀሩ። አጎቴ ግመል ተከትሎ ሄደ።

አጎቴን «አንተ» ነበር የምለው። እናቴ ስትቆጣኝ እርሱ «ተያት ሐዋ፣ አንቱ ያለችኝ ቀን አረጀሁ ማለት ነው» ይላታል። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ግመል እየነዳ ጅቡቲ ይወርድ ነበር፤ አንዳንዴም ባሕር ተሻግሮ የመን ወደብ ዓደን ይደርሳል። ሌላው ነጋዴ ጨውና ጨርቅ ይዞ ሲመለስ እርሱ ጨው፣ ጨርቅና ሸክላ ይዞ ይመጣል። ሸክላ የምለው፣ ለዛሬ ልጆች፣ ዘፈን የተቀረጸበት ጥቁር ክብ ነገር ነው። ማጫወቻው ግራሞፎን ይባላል፤ እኛ ግን «ሳጥኑ» ነበር የምንለው። ክዳን ያለው ጥቁር ሻንጣ ነው። በጎኑ ባለው እጀታ ይሞላል፤ ሲከፈት አንድ የታጠፈ ክንድ አለው፤ በክንዱ ጫፍ መርፌ አለ።

በጦርነቱ ግመሎቹ አለቁ፣ መንገዱም ተዘጋ። ሚስቱ ቀደም ብላ በወሊድ ሞታበት ነበርና አጎቴ ከሳጥኑ ጋር ብቻውን ቀረ። አመሻሽ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ከቤቱ ጥላ ሥር አጎዛ አንጥፎ ሳጥኑን ይከፍታል። ሰውም ይመጣል። አጎቴ ደስ ያለውን ሁሉ ዝም ብሎ አያሰማም፤ የመጣውን ሰው ፊት አይቶ ነው የሚመርጥለት። ከመጫወቱም በፊት ሸክላውን የት እንዳገኘው ይናገራል። ሰው ግማሹ ለዘፈኑ፣ ግማሹ ለወሬው ነበር የሚመጣው።

አንዱ ሸክላ ጠርዙ የተሸረፈ ነው። ዓደን ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ የውኃ ጋን ክዳን ሆኖ አገኘው። ሰውዬው ዘፈን እንዳለበት እንኳ ረስቶታል። አጎቴ ከእንጨት ጥሩ ክዳን አስጠርቦ ሰጠውና ሸክላውን ወሰደ። ጠርዙ ስለተሸረፈ ዘፈኑ የሚጀምረው ከመሐል ነው፤ መነሻው ምን እንደሚል የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አጎቴ ራሱ ያዜምለታል። ዓረብኛውን ከአማርኛ ቀላቅሎ ጥቂት ካንጎራጎረ በኋላ መርፌውን ያሳርፋል፣ ዘፋኙም ከእርሱ ተቀብሎ ይቀጥላል። መነሻው በየቀኑ ይለያያል። አንድ ቀን ስለ እኔ የወለቁ ጥርሶች አዜመ፤ ዘፋኙ እርሱንም ያለ ምንም ቅሬታ ተቀበለው።

ሌላው ሳቅ ብቻ ነው። ጅቡቲ ላይ አገሩ የሚገባ ፈረንሳዊ ዕቃውን ሲሸጥ ማንም አልፈልግም ብሎ የተወው ነው። አንዲት ሴት መዝፈን ትጀምራለች፣ ትስታለች፣ ትስቃለች። ከዚያ አንድ ወንድ ይስቃል። እስከ መጨረሻው ሳቅ ነው። ቋንቋቸውን ማንም አያውቅም፤ የሚያስፈልግም አልነበረም። በሬው የሞተበት አንድ ጎረቤት የሚያጽናናው መስሎት መጥቶ ቁጭ ቢል አጎቴ ያን አወጣለት። ሰውዬው «በሬዬ ሞቶ ታስቅብኛለህ?» ብሎ ተቆጣ። ሸክላው ሳያልቅ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ይጠርግ ነበር። ሲወጣ «በሬው ግን አልተነሣም፣ ኑሩ» አለ። በማግስቱም መጣ። እኔ ሴትዮዋ የምታየን ይመስለኝ ስለነበር አፌን በእጄ ሸፍኜ ነበር የምሰማት።

የመሲንቆም ነበረ። ያንን ድሬዳዋ ላይ በሰው ግድግዳ በኩል ሰምቶት ቆሞ ቀረ። ባለቤቱ አልሰጥም አለ። አጎቴ በየጉዞው እየሄደ ከዚያ ግድግዳ ሥር ይቀመጥ ጀመር። በመጨረሻ የቤቱ እመቤት «ይኸ ሰው ተደግፎ ግድግዳዬን ከሚጥልብኝ ስጡት» አለች። በዚህ ሸክላ መሐል ላይ ትንሽ ሥዕል አለ፤ አንድ ውሻ ተቀምጦ፣ አንገቱን ወደ ጎን ሰበር አድርጎ፣ ዘፈን ያዳምጣል። አባቴ ያንን ሥዕል አንድ ጊዜ አይተው ውሻና ሥዕል ያለበት ቤት መላእክት አይገቡም ብለው ነበር። አጎቴ በላዩ ወረቀት ለጠፈበት። ወረቀቱ ግን ስስ ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ውሻው ከሥር ይታያል።

የብረቱ መርፌ ያለቀው በዚያ ክረምት ማብቂያ ነው። አንድ መርፌ ለአንድ ገጽ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሠራ ሸክላውን ያርሳል። ጅቡቲ የለ፣ ዓደን የለ፣ ከየት ይምጣ? አጎቴ የስፌት መርፌ ሞከረ፤ ጮኸበት። የሽቦ ቁራጭ ሞከረ፤ የባሰ። አንድ ቀን ከማሽላው ማማ ላይ ወፍ ስጠብቅ ውዬ ስመለስ ከእግሬ እሾህ ሲነቅልልኝ እጁ ቆመ። እሾሁን ትኩር ብሎ አየው። እግሬን እንደያዘ ረሳኝ።

ሥራዬ ከዚያ ቀን ጀመረ። ከወደቀው ሳይሆን ከዛፉ ላይ የደረቀውን እለቅማለሁ። ለጋው ይታጠፋል፣ ድምፁንም ያሻክራል። በጣም ያረጀው ይሰነጠቃል። የቁርቁራ እሾህ ቆልማማ ነው፤ አይሆንም። የግራር ይሆናል፤ የበደኖ ግን ይበልጣል። የለቀምኩትን ከምድጃው በላይ አደርቃለሁ፣ ጫፉን በድንጋይ እስላለሁ፣ በጥፍሬ እፈትናለሁ። የእሾህ መርፌ እንደ ብረቱ አይጮህም። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ሰው የግድ መጠጋት አለበት። በጣሊያን ጊዜ ሰው ሰውን ይጠረጥር ነበር፤ ማን ባንዳ እንደሆነ፣ ማን የአርበኛ ወንድም እንደሆነ አይታወቅም። በዚያ አጎዛ ላይ ግን እሾሁን ለመስማት ትከሻ ለትከሻ ተነካክተው ይቀመጡ ነበር።

አንድ ሸክላ ብቻ ለማንም አላሰማም። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከሌሎቹ በላይ፣ ለብቻው ይቀመጣል። ሳልታጠብ እንዳልነካው ነግሮኛል። ግብፅ ውስጥ ያለ አንድ ቃሪ፣ ቁርአንን በዜማ የሚያነብ ሰው፣ ሲቀራ የተቀረጸበት ነው። ሌሎቹን ሸክላዎች በግመል ጭኖ ሲያመጣ ይህን ግን በጀርባው አዝሎ በረሃውን አቋረጠ።

ጠቡ የመጣው በደረሳዎች ነው። ደረሳ የምንለው ቁርአን ተማሪውን ነው። ድሮ ዳሷ ሞልታ ልጆቹ ደጅ ሰሌዳቸውን ይዘው ይቀመጡ ነበር፤ በዚያ መስከረም ግን አራት ወይም አምስት ቀሩ። ትልልቆቹ ከዐስር በኋላ ከአጎቴ አጎዛ ላይ እንደሚገኙ አይቻለሁና እኔ ጥፋቱ የሳጥኑ መሰለኝ። እውነቱ ሌላ ነው። ጣሊያን ወደ ጣርማ በር የሚወጣውን መንገድ ያሠራ ነበር፤ ተራራውንም ይበሳ ነበር። ጎረምሶቹ ትሬንታ ኳትሮ በሚሉት ከባድ መኪና እየተጫኑ ድንጋይ ሊፈልጡ ይወጣሉ። ከሳምንታት በኋላ ሲመለሱ ፀጉራቸው ነጭ ነው። የድንጋይ ብናኝ መሆኑን አላወቅኩም። ተራራው ውስጥ ሰው ቶሎ የሚያረጅ መስሎኝ፣ የአክስቴ ልጅ መጥቶ ሲስመኝ እንደ ሽማግሌ ጉልበቱን ሳምኩት።

አባቴ ጣሊያንን መቆጣት አይችሉም። አጎቴን መቆጣት ይችላሉ። ይህ የገባኝ ራሴ ልጆች ካሳደግኩ በኋላ ነው።

አንድ ቀን አባቴ በአጥሩ በር ገብተው በሰው ፊት ተናገሩ። ልጆቹን ከአላህ ቃል ወደ ጨዋታ ወሰድክብኝ አሉት። አጎቴ መጀመሪያ ሊያስቃቸው ሞከረ፤ ውሻው እንኳ ቁጭ ብሎ የሚሰማውን አንተ ቆመህ ትቆጣለህ አላቸው። ሰው ሳቀ። ያ ነው የከፋው። አጎቴም መክፋቱን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሳጥኑ ውስጥ ቁርአንም አለ፣ ተቀመጥና ስማ አላቸው። እጁን ወደ ነጩ ጨርቅ ዘረጋ።

አባቴ «ሳጥን ቁርአን አይቀራም» አሉ። «የገደል ማሚቶ ነው። የገደል ማሚቶ ሰምቶ ሱጁድ የሚወርድ የለም።»

ለማያውቅ ሰው፣ ቁርአን ውስጥ አንዳንድ ቦታዎች አሉ፤ እዚያ ሲደረስ የሚቀራውም የሚሰማውም በግንባሩ መሬት ይነካል። አባቴ የተናገሩት ከሃይማኖት መጽሐፉ፣ ከኪታብ ነው። አጎቴ ግን እጁን መለሰ። ሰዉ ከተበተነ በኋላ ጨርቁን እንደገና ሲያስረው አየሁት። ቋጠሮው አልያዝለት አለ።

«ለአባትሽ ነበር ያመጣሁት» አለኝ። «ልጆች ሆነን ሼሃችን ስለ ግብፅ ቃሪዎች ሲያወራ አባትሽ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር።»

ልንገራቸው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ስጦታ እየተለመነ አይሰጥም አለኝ።

አባቴ ያን ማታ እናቴን «ያ ሳጥን ባለበት ቤት እግርሽ እንዳይገባ» አሏት። እናቴ ዝም አለች። እናቴ ዝም ስትል ቃል በቃል ነው የምትሰማው። ስለ እኔ እግር ምንም አልተባለም ነበርና በማግስቱ ጠዋት ትኩስ ቂጣ በሰፌድ ሰጥታ ወደ አጎቴ ላከችኝ። አባቴም እያዩ አሳለፉኝ።

ማሽላው እሸት ሲሆን ንዳዱ መጣ። ቆላ ከክረምት በኋላ ያው ነው፤ ዛሬ ወባ የሚሉት ነው። አጎቴን ያዘው። መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለኝ፤ በዚያ ሙቀት ሦስት ጋቢ ደራርቦ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ጋቢውን ሁሉ ጥሎ ያቃጥለዋል። ጎረቤት እየተፈራረቀ ውኃ ያቀምሰዋል። ግን ሁሉም ቤት በሽተኛ ነበረ። እናቴ አጥሚት ሠርታ በእኔ ትልካለች፣ እኔ በማንኪያ እሰጠዋለሁ፣ እርሱ ያፈስሰዋል። እናቴ ከአጥሩ ሥር ቆማ ትጠብቀኛለች። ጠጣ? ትለኛለች። ጠጣ እላታለሁ። ቀሚሴን አይታ የፈሰሰውን ታውቃለች።

አባቴም ያውቁ ነበር። ዳሷ ውስጥ ለነዚያ አራት ልጆች ሲያስቀሩ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው መቀመጥ ጀምረው ነበር። ነገር ግን ከአፋቸው የወጣውን ቃል መንደሩ ሁሉ ሰምቶታል። ሼህ ቃሉን ሲያጥፍ ማን ይማርበታል? ለእርሳቸው ከባዱ ይህ ነበር።

አንድ ጠዋት አጎቴ እጄን ይዞ «ሐዋ» አለኝ። ዘይነባ ነኝ አልኩት። «ሐዋ፣ ውኃው ቀዘቀዘ፣ ግቢ» አለኝ። ልጆች ሆነው ወንዝ የወረዱበት ቀን ይሆናል። ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ እጇን ታጠበች። በቀሚሷ አደረቀችው።

«ሂጂ፣ ሳጥኑን እስከ ደጁ ጎትቺ» አለችኝ።

ጎተትኩት። ሸክላዎቹንም አንድ በአንድ፣ ነጩንም ጨርቅ ታጥቤ አወጣሁ። እናቴ ከመድረኩ ውጭ ቆማ፣ እግሯን ሳታስገባ፣ እጇን ብቻ ሰድዳ ተቀበለችኝ። ሳጥኑን በራሷ ተሸክማ ወደ ቤታችን ወሰደችው፤ ሸክላዎቹን አስከተልኩ። ከቤታችን መሐል፣ ከምሰሶው ሥር አስቀመጠችው። ከዚያ አጥሚቱን አንሥታ ስትወጣ እንዲህ አለችኝ፦ «አባትሽ ሲመጡ ሳጥኑ ከሌለበት ቤት ሄዳለች በያቸው።»

አባቴ ከቀትሩ ሶላት፣ ከዙህር በኋላ መጡ። በሩ ላይ ቆሙ።

«እናትሽስ?»

«ሳጥኑ ከሌለበት ቤት ሄዳለች።»

ሳጥኑን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። «ማን አመጣው?» አሉ። በራሷ ተሸክማ አልኳቸው። መድረኩ ላይ ተቀመጡ፣ ወደ ውስጥ አልገቡም። ምሳቸውን እዚያው አቀረብኩላቸው። እኔ አባቴ ሳጥኑን እንደ ጊንጥ የፈሩት መሰለኝ። «አይናከስም» አልኳቸው። ጺማቸውን ያዙና ወደ ማሽላው ዞሩ።

ያኔ ያልገባኝን አሁን አየዋለሁ። ሳጥኑን ከመለሱት እናቴ ከወንድሟ አጠገብ ተነሥታ መውጣት አለባት። ካልመለሱት እናቴ ወደ ገዛ ቤቷ አትገባም። ቃሉ የራሳቸው ነው። እናቴ አንድም አልጨመረችበት፣ አንድም አልቀነሰችበት። ያን ሌሊት አባቴ መስጊድ አደሩ። እኔ ከሳጥኑ ጋር አደርኩ።

በማግስቱ ከዐስር በኋላ መጡና እንደገና መድረኩ ላይ ተቀመጡ። ኑሩ እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ። ከጠቡ ወዲህ ስሙን ሲጠሩ መስማቴ ነው፤ «ያ ሰውዬ» ነበር የሚሉት። በእናቴ ስም እንደጠራኝ፣ እናቴ ስትገባም ሌላ ሰው መስላው አታልቅሺ እንዳላት ነገርኳቸው። እናቴ አላለቀሰችም ነበር። አባቴ መሬቱን በጣታቸው ይጭሩ ጀመር። ከዚያ ቀና ሲሉ ነጩን ጨርቅ አዩት።

«ያ ለምን ተጠቅልሏል?»

ልንገራቸው ወይ ብዬ ስጠይቀው አጎቴ አይሆንም ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ተጠየቅኩ፤ ለተጠየቁት መመለስ ሌላ ነው ብዬ አሰብኩ። የእናቴ ልጅ ነኝ።

«የአንቱ ነው» አልኩ። «አጎቴ ከዓደን በጀርባው አዝሎ ለአንቱ ያመጣው ነው። ለሌላ ሰው አላሰማውም። ለራሱም አላሰማው።»

አባቴ ተነሡ። መድረኩን ተሻግረው ገቡ። ቋጠሮውን ፈቱት። መሐሉ ላይ ዓረብኛ ተጽፎበታል፤ በሰፈራችን ያንን እንደ እርሳቸው የሚያነብ አልነበረም። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። የቃሪውን ስም ይሆናል። ቀጥሎ «ሱረቱ መርየም» አሉ፣ ለራሳቸው። ሸክላውን በጨርቁ ላይ አሳርፈው ወጡና ከእንስራው ውኃ ቀድተው ዉዱእ አደረጉ። እጃቸውን፣ አፋቸውን፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን ሲያጥቡ አየሁ፤ ለሶላት ከሚያጥቡት አላሳጠሩም። ተመልሰው ገቡ።

«ታውቂበታለሽ?»

አውቅበታለሁ አልኳቸው። እጀታውን አዙሬ ሞላሁ። ካደረቅኳቸው እሾሆች በጥፍሬ ፈትኜ ከሁሉ የጠነከረውን መረጥኩ። ቢስሚላህ ብዬ አሳረፍኩት።

መጀመሪያ እንደ ሩቅ ዝናብ ሽሽ አለ። ከዚያ ድምፁ መጣ። አባቴ ከምሰሶው አጠገብ ቆመው ነበር፤ እሾሁ ዝቅ ብሎ ነው የሚናገረውና አንድ እርምጃ ተጠጉ። ከዚያ ተቀመጡ። ከዚያ አንገታቸውን ወደ ጎን ሰበር አድርገው ጆሯቸውን ሰጡ። ልክ እንደ ሥዕሉ ውሻ ነበሩ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ያኔም እንዲያ ነው ያሰብኩት፤ አፌን ግን ሸፈንኩ።

የቃሪው ትንፋሽ ረጅም ነበር። ሲያወጣው ሰፊ መንገድ እንደሚሄድ ሰው አይቸኩልም። እኔ ቃሉን አላውቀውም ነበር፤ የአባቴን ፊት ነበር የማየው። ከንፈራቸው አብሮት ይሄዳል፤ አንዳንዴ ይቀድመዋል፣ ይጠብቀዋል። ሸክላው ወደ ማለቂያው ሲደርስ ድምፁ ከፍ አለ፤ አባቴም ከንፈራቸውን አቆሙ። ሳይታሰብ፣ ልክ እንደ ተገፋ ሰው፣ ወደ ፊት ወድቀው ግንባራቸው መሬት ነካ።

የሞቱ መሰለኝ። ከዚያ ጀርባቸው ሲተነፍስ አየሁ። ሱጁድ ነው። የገደል ማሚቶ ሰምቶ ሱጁድ የሚወርድ የለም ያሉት እርሳቸው ናቸው፤ እኔም እዚያ ነበርኩ። ሸክላው አለቀ፣ እሾሁ ባዶውን ይፍቅ ጀመር። ላንሣው ወይስ ልተወው? አባቴ አልተነሡም። ቀስ ብዬ ክንዱን አነሣሁት። አሁንም አልተነሡም። ማሽላው ውስጥ ልጆች ወፍ ሲያባርሩ ይሰማል።

ቀና ሲሉ ግንባራቸው ላይ የቤታችን አፈር ነበረ። አላራገፉትም።

«ሌላ ገጽ አለው?» አሉ።

ሌላውንም ሰሙ። ከዚያ ሸክላውን በጨርቁ ራሳቸው ጠቅልለው አሰሩት። ሳጥኑን ዘጉትና አንሥተው በትከሻቸው ተሸከሙት። እኔ ሸክላዎቹን ታቅፌ ተከተልኳቸው። በጓሮ በኩል የአጥሩ በር ቅርብ ነው፤ እርሳቸው ግን በመንገዱ ዞሩ። ሰው ከማሳ የሚመለስበት ሰዓት ነው። ያ በሬው የሞተበት ጎረቤት መንገድ ላይ ቆሞ «ሼህ ይማም፣ ለማን ሊያዘፍኑ ነው?» አላቸው። ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቅ ብለው ጠበቁ።

«ለታመመ» አሉ አባቴ፣ ሳይቆሙ። ሰዉ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ አሳለፋቸው።

እናቴ ከአጎቴ ቤት በር ላይ ቆማ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል፤ ከመጣች ጀምሮ አልተኛችም። ሳጥኑን አየች፣ አባቴን አየች።

«ሳጥኑ ከገባ እኔ ወጣሁ» አለች።

«ቃሌን አንሥቻለሁ» አሉ አባቴ። «አሁን ዞር በይልኝ፣ ከባድ ነው።»

ዞር አለችላቸው። አባቴ ሳጥኑን አስቀምጠው ከአጎቴ መደብ አጠገብ ተንበረከኩ። ንዳዱ ገና አልለቀቀውም ነበር፤ የለቀቀው ቆይቶ ነው፣ አልሐምዱሊላህ፤ ያን ዕለት ግን የሚተርፍ ይሁን አይሁን ማንም አያውቅም። አጎቴ ዓይኑን ገለጠ። ብዙ አያቸው።

«ይማም፣ አንተ ነህ ወይስ ንዳዱ ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰማኸው?»

«ሰማሁት።»

አጎቴ ጠበቀ። አባቴ አስተማሪ ናቸው፤ የሚያስተምሩትን ልጅ ሲያርሙ እንደሚያደርጉት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መልካም ይቀራል» አሉ። «አንድ ቦታ ላይ ትንፋሽ አጥሮታል።»

አጎቴ ሊስቅ ሲል ሳል ያዘው። አባቴ ራሱን ደግፈው ውኃ አቀመሱት፤ ጠጣ። «ያን ሁሉ በረሃ በሰው ጀርባ ታዝሎ የመጣ ሰው» አለ፣ ቃሉን እየቆራረጠ፣ «ትንፋሽ ቢያጥረው አይፈረድበትም።»

አባቴ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ሳያልቅ እጁን ያዙና «ኑሩ፣ አፉ በለኝ» አሉት። በእኛ አገር ሰው ሰውን ይቅርታ የሚጠይቀው እንዲህ ነው።

«አፉ ብያለሁ» አለ አጎቴ። «አንተም አፉ በለኝ። በሰው ፊት አሳቅሁብህ።»

«አፉ።»

ከዚያ ስለ ሱጁዱ ነገሩት መሰለኝ፤ ዝቅ ብለው ነው የተነጋገሩት። አጎቴ «ኪታቡስ?» ሲላቸው ሰማሁ። አባቴ ኪታቡ ትክክል ነው፣ ግንባሬ ግን ሳይጠይቀኝ ሄደ አሉት። ቀጥለው ስለ አንድ የድሮ ሼህ፣ ስለ አንድ የተሰበረ ሰሌዳ፣ እኔ ስለማላውቃቸው ልጆች ያወሩ ጀመር። አባቴ ጨርቅ ውኃ ነክረው የአጎቴን ግንባር ይጠርጉለት ነበር።

ውኃ ጨምሪልኝ ሊሏት ወደ እናቴ ዘወር አሉ። እኔም ዘወር አልኩ። እናቴ ከግድግዳው ሥር፣ አጥሚቱን ያመጣችበትን ቅል በእጇ እንደያዘች፣ ጭንቅላቷን ደገፍ አድርጋ ተኝታለች። እናቴን ተኝታ አይቻት አላውቅም ነበር። ሁሌም ከእኔ በኋላ ነው የምትተኛው፣ ከእኔ በፊት ነው የምትነሣው። አፏ ትንሽ ተከፍቶ ነበር፣ ልጅ ትመስላለች። ቅሉን ከእጇ ቀስ ብዬ ወሰድኩ። አጎቴ ከጣላቸው ጋቢዎች አንዱን አምጥቼ አለበስኳት።

አባቴ እኔን አዩኝ፣ እርሷን አዩዋት። አጎቴም ራሱን ከመደቡ ቀና አድርጎ እኅቱን አየ። ወሬያቸውን አልተዉም። ሁለቱም ግን እንዳትነቃ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።